መኪናዋ ሊማሊሞ ላይ ብትቆም ማን ይጠግናታል?

በዚህ ቻናል የለመድነው ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ጦርነት መነጋገር ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የመኪና ሞተር ላወራችሁ ነው። ታገሱኝ፤ መጨረሻው ላይ ወደ ለመድነው ጉዳይ እንመለሳለን።

ጊዜው ግንቦት 1987 ዓ.ም. ነው። ቦታው ዛሪማ።

ዛሪማን ለማታውቁ፦ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው ጎዳና ዳባትንና ደባርቅን አልፋችሁ፣ ሊማሊሞን ስትወርዱ ከገደሉ ግርጌ የምታገኟት የቆላ ከተማ ናት። ደባርቅ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣ በቀትር ጋቢ ታስደርባለች። ዛሪማ ሸሚዝ ታስወልቃለች። የሁለቱ የከፍታ ልዩነት ወደ 1,500 ሜትር ይጠጋል። መሃላቸው ያለው ሊማሊሞ ነው። ጣሊያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት ከገደሉ ላይ አስፈልፍሎ ያወጣው መንገድ፣ ወደ ላይ ሲያዩት ራስ የሚያዞር፣ ወደ ታች ሲያዩት ሆድ የሚያባባ። መስከረም 1934 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከረጅም ከበባ በኋላ እጁን የሰጠበት ወልቀፊትም እዚያው አፋፉ ላይ ነው።

ያን ቀን ታላቅ እህቴ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ከመንደራችን እስከ ዛሪማ የጎረቤት ሰው እየተፈራረቀ በቃሬዛ አወረዳት። አዋላጇ እናት «ከእኔ አቅም በላይ ነው» ብለው እጃቸውን አንስተዋል። ያለው ተስፋ ጎንደር ነው። ወደ ጎንደር የሚወስደው ደግሞ ሊማሊሞ ብቻ ነው።

አጎቴ ሹፌር ነበሩ። የሚነዱት የሰው መኪና ነው፤ የድሮ ቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ባለ ቤንዚን፣ ቀለሟ ከአቧራው የማይለይ። እኔ 15 ዓመቴ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ረዳታቸው ነኝ። ሥራዬ ጎማ ስር ድንጋይ መወተፍ፣ ራዲያተር ውስጥ ውሃ መጨመርና ዝም ማለት ነበር። እህቴን ከኋላ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናት። እናቴ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። ቀትር ላይ ተነሳን።

መውጫውን ከግማሽ በላይ እንደጨረስን ሞተሩ ማቅማማት ጀመረ። አንዴ ሳል፣ አንዴ ዝም፣ እንደገና ሳል። ከዚያ ጠፋ። ወርጄ ድንጋይ ወተፍኩ። እናቴ ከኋላ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ትላለች። እህቴ ድምፅ ካሰማች ቆይታለች።

አጎቴ አልተጣደፉም። ኮፈኑን ከፈቱ። ጎንበስ ብለው ቤንዚን የሚስበውን ፓምፕ በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ቶሎ መለሱ።

«ቤንዚኑ ፈልቷል» አሉኝ።

«ቤንዚንም ይፈላል እንዴ፣ ጋሼ?»

«አንተ ልጅ፣ አሁን የማስተምርበት ጊዜ አይደለም። ጨርቅና ውሃ አምጣ።»

ጨርቅ አልነበረም። እናቴ መቀነቷን ፈታ ወረወረችልኝ። ከጀሪካኑ ውሃ አፍስሼ ነከርኩት። አጎቴ ፓምፑንና ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ቱቦ እንደ ቁስል ጠቀለሉት። ደጋግመን ውሃ አፈሰስንበት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ሃያ ደቂቃ አላውቅም። ከዚያ ቁልፉን አዞሩ። አንዴ አጉረመረመች፣ ሁለተኛውን ያዘች።

ማታ ጎንደር ገባን። እህቴ ሌሊቱን በቀዶ ሕክምና ወለደች። እናትም ልጅም ተረፉ።

*

ያቺን መኪና ከዚያ በኋላ ለዓመታት አብሬያት ሠርቻለሁ። ስለ ሞተሯ ያወቅኩትን ልንገራችሁ። ነገሩ ያለ እሱ አይገባም።

ሞተሯ ቶዮታ «2ኤፍ» ብሎ የሚጠራው ነው። ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር፣ እንደ ሰልፈኛ ተከታትለው የቆሙበት። አያቱ ሩቅ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያውን ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ሲሠራም ሞተሩ በአንድ መስመር የተሰለፈ ስድስት ሲሊንደር ነበር። በዚያው ዓመት የፋብሪካው የሙከራ ሹፌር የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣበት። ላንድክሩዘር የሚለው ስም የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ቀጥሎ የተገጠመለት «ኤፍ» የተባለው ሞተር ንድፉን ከአሜሪካኖቹ የጂኤምሲና የሸቭሮሌት ስድስት ሲሊንደሮች የወረሰ ነበር። 2ኤፍ የዚያ ልጅ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1975 መጣ።

ልኩ እንዲህ ነው። መጠኑ 4,230 ሲሲ። የሲሊንደሩ ስፋት 94 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚጓዘው ርቀት 101.6 ሚሊ ሜትር። ማለትም ጉዞው ከስፋቱ ይረዝማል። እንዲህ ያለ ሞተር መሮጥ አይወድም፤ መግፋት ይወዳል። የፈረስ ጉልበቱ 135 ገደማ ነው፤ ለዘመኑ ሰው ይህ ቁጥር ያስቃል። ጉዳዩ ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። ትልቁን የመጎተት አቅሙን የሚሰጠው በደቂቃ 1,800 ዙር አካባቢ ላይ ነው። ገና ሳይጮህ ማለት ነው። ሊማሊሞን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሰው እየጫነ፣ ሳይጮህ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ስድስት መሆኑስ ለምን ጠቀመ? አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ውስጥ አራቱም ፒስተኖች በአንድ ቅጽበት ጫፍ ይደርሳሉ፤ ሁለቱ ላይ፣ ሁለቱ ታች። አራቱም እኩል ይቆማሉ፣ አራቱም እኩል ይነሳሉ። ያ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ስድስቱ በአንድ መስመር ሲሰለፉ ግን ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንደኛው ከስድስተኛው፣ ሁለተኛው ከአምስተኛው፣ ሦስተኛው ከአራተኛው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። አንዱ ጥንድ ጫፍ ደርሶ ሲቆም ሌሎቹ አራቱ በጉዞ ላይ ናቸው። የአንዱ ግፊት የሌላውን ያጠፋዋል። ክራንክሻፍቱ በዞረ በየሲሶው አንድ ሲሊንደር ይተኩሳል፤ ባዶ ጊዜ የለም።

ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ይህን ለማስረዳት ሥዕል አያስፈልገውም። ተሸካሚዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እኩል ቢረግጡ በሽተኛው ይናጣል። ልምድ ያላቸው ግን እርምጃቸውን ያፈራርቁታል። አንዱ ሲረግጥ ሌላው ያነሳል፤ ቃሬዛው ጸጥ ይላል። እህቴ ያን ቀን ከአንዱ ቃሬዛ ወርዳ ሌላ ቃሬዛ ላይ ነው የተኛችው።

የመተኮሱ ቅደም ተከተል አንድ፣ አምስት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ነው። አጎቴ ይህን እንደ ዳዊት አስደገሙኝ። የካንዴላ ገመዶቹን ነቅለው ይደባልቁና «መልሳቸው» ይሉኛል። ተሳስቼ ስገጥም ሞተሩ በማርሚታው ያፈነዳና ገበያተኛው ይደነብራል። እሳቸው ይስቃሉ።

ብሎኩም ቴስታታውም ድፍን ብረት ነው። ካምሻፍቱን የሚያዞረው በጥርስ የተያያዘ ማርሽ ነው፤ የሚበጠስ ቀበቶ፣ የሚላላ ሰንሰለት የለውም። ቤንዚኑን የሚያምቅበት መጠን 7.8 ለ 1 ነው። ዝቅተኛ ስለሆነ ደካማ ቤንዚንም ቢቀዳለት አያማርርም። ቫልቮላዎቹን ለማስተካከል አንድ ኪያቬ፣ አንድ ካቻቢቴና ስስ የብረት መለኪያ ይበቃል፤ ሞተሩ በጋለበት ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.35 ሚሊ ሜትር። አጎቴ መለኪያውን የሚያወጡት እኔን ለማስተማር ብቻ ነበር። እሳቸው በጆሮ ያውቁታል።

አሁን ወደ ሊማሊሞ ልመለስ። ያን ቀን ምን ነበር የሆነው? ቤንዚን በቀላሉ የሚተን ነገር ነው። ከዛሪማ ሙቀት ተነስተን፣ በዝግታ እየወጣን፣ ሞተሩ እየጋለ፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ደግሞ የአየሩ ግፊት እየቀነሰ ሄደ። ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየውም ውሃው ቀድሞ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ሆነ። ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መሳብ አይችልም። የእናቴ መቀነት ያደረገው እንፋሎቱን መልሶ ፈሳሽ ማድረግ ነው። ይኸው ነው ምስጢሩ።

ከፍታው ሌላም ዕዳ ነበረበት። ደባርቅ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ሞተር ደግሞ እንደኛ የሚተነፍስ ነው። 135 ያልነው ጉልበት ደባርቅ ሲደርስ መቶ ቢሆን ነው። ካርቡሬተሩ ይህን አያውቅም፤ አየሩ ቢሳሳም ቤንዚኑን እንደ ቆላው ያፈሳል። ስለዚህ አጎቴ ካንዴላ እየነቀሉ ያነብቡ ነበር። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ አንሷል። የተቆላ ቡና መልክ ካለው ደህና ነው። ዛሪማ ላይ ቡና የመሰለው ካንዴላ ደባርቅ ላይ ከሰል ይመስላል። እሳቸውም ካርቡሬተሩን በካቻቢቴ ትንሽ ነካ ያደርጉና «አሁን ደገኛ ሆነች» ይላሉ።

*

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ኪያቬ፣ ካቻቢቴ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን። እነዚህ ቃላት ሁሉ የጣሊያን ናቸው። መኪናዋ የጃፓን ናት። ንድፏ ከአሜሪካ የተወረሰ ነው። መንገዱ የወራሪ ነው። አጎቴ ግን ጣሊያንኛ አያውቁም፤ ከስድስተኛ ክፍል በላይም አልተማሩም። ቃላቱን ሲጠሩ የአማርኛ ቃል የሚጠሩ ነው የሚመስላቸው። ደግሞም ናቸው።

ለእኔ አንድ ማሽን የአንድ ሕዝብ ንብረት የሚሆነው በዚህ ነው። ሊብሬው በማን ስም እንደተጻፈ አይደለም ጉዳዩ። ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ገደል ጫፍ ላይ የቆመ አንድ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ «ምን እንደሆነ አውቃለሁ» ሲል ነው ማሽኑ የእኛ የሚሆነው።

እንዳይመስላችሁ፤ የድሮውን እያሞገስኩ አዲሱን ልረግም አይደለም። ያቺ መኪና ቤንዚን ትጠጣ ነበር። ዳገት ላይ በሊትር አራት ኪሎ ሜትር ከሄደች ደግ ቀን ነው። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ሊትሩ 100 ብርን ተሻግሯል፤ አጎቴ ዛሬ ቢኖሩ ዛሪማ ደርሰው ለመመለስ የሚከፍሉት ጉድ ነው። የደህንነት ቀበቶ አልነበራትም። ጭሷ ዓይን ያቃጥላል። መሪዋን ለማዞር ክንድ ይጠይቃል።

ዓለምም ቢሆን በብዙ ምክንያት ነው ይህን ዓይነቱን ሞተር የተወው። ረጅም ነው፤ ጠባብ ኮፈን ስር አይገባም። መኪና በፊት ጎማ መጎተት ሲጀምር ሞተሩን በወርዱ ማጋደም ግድ ሆነ፤ ለረጅሙ ስድስት ቦታ ጠፋ። መርሴዲስ እንኳን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ትቶት ሦስት ሦስት ሆኖ በ«ቪ» ቅርጽ ወደ ተሰለፈው ስድስት ዞረ፤ በ2017 ግን በአዲስ መልክ መለሰው። ቢኤምደብሊው ፈጽሞ አልተወውም። ቶዮታ ቤንዚኑን እያሻሻለ እስከ 4.5 ሊትሩ 1ኤፍዜድ ድረስ አቆየው። እኛ አገር በየጤና ጣቢያው በር የምናውቀው ባለ ናፍጣው ላንድክሩዘር፣ 1ኤችዜድ የሚባለው ሞተር ያለበት፣ እሱም በአንድ መስመር የተሰለፈ ስድስት ሲሊንደር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ስንት በሽተኛ እንዳመላለሰ እግዜር ይቁጠረው። ሹፌሮች የሚወዱት ስለሚፈጥን አይደለም፤ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ፣ ስለሚከፈትና ስለሚታወቅ ነው።

*

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ።

ያኔ ሌሊት የተወለደው የእህቴ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመቱን ያለፈ ጎልማሳ ነው። የሚገርማችሁ እሱም ሹፌር ሆነ። ባለፈው ዓመት ዘመናዊ የናፍጣ ፒክአፕ ይዞ ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ሲወጣ፣ እዚያው ሊማሊሞ ላይ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ሞተሩ አልጠፋም፤ ግን ጉልበቱን ቀነሰ። በሰው ልጅ እርምጃ መሄድ ጀመረ። ከዚያ እሱም ቆመ።

ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ምን ላድርግ?»

«ኮፈኑን ክፈት» አልኩት።

«ከፈትኩት። ፕላስቲክ ክዳን ነው የሚታየኝ።»

ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም። የኮምፒውተር መመርመሪያ ያለው ሰው የሚገኘው ጎንደር ነው። እሱም የዚያን መኪና ቋንቋ የሚያነብ መሆን አለበት። መንገድ በሚዘጋጋበት፣ ጎንደር ደርሶ መመለስ ራሱ ዕድል በሆነበት በዚህ ጊዜ መኪናዋ ተጎትታ ለመግባት ሁለት ቀን ፈጀባት። ችግሩ ሲገኝ የጣት ጫፍ የምታህል የግፊት መለኪያ ሴንሰር ነበረች። ዕቃዋ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሌላ ሳምንት።

ያን ቀን መኪናው ውስጥ የታመመ ሰው አልነበረም። ተመስገን። ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ያች ትንሽ ዕቃ በ1987 ግንቦት ተበላሽታ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን የደወለልኝ ልጅ አይኖርም ነበር። እናቱም አትኖርም ነበር።

*

እንግዲህ ፖለቲካው እዚህ ነው።

ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በኩል አሳወቀ። ከዚህ በኋላ ኤሌክትሪክ ብቻ ተባለ። ምክንያቱ የሚገባ ነው። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፤ ዶላር የለንም። ኤሌክትሪክ ከራሳችን ወንዝ ይወጣል፤ ታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜ 2017 ላይ ተመርቋል። እንዲያውም እውነቱን ልናገር፦ የኤሌክትሪክ ሞተር ለሊማሊሞ ከ2ኤፍ የተሻለ ነው። አይተነፍስም፤ ስለዚህ ደባርቅ ላይ ጉልበቱ አይቀንስም። የሚፈላ ቤንዚን የለውም። ከመነሻው ሙሉ አቅሙን ይሰጣል። ወደ ዛሪማ ሲወርድ ደግሞ ፍሬን እያቃጠለ ሳይሆን ቁልቁለቱን ወደ ኤሌክትሪክ እየቀየረ ባትሪውን ይሞላል። አጎቴ ይህን ቢሰሙ ሳቃቸው አይቆምም ነበር፤ ቁልቁለት ነዳጅ ሲሰጥ!

ስለዚህ ጥያቄዬ «ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ?» አይደለም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሲቆም ማን ይከፍተዋል?

የኤሌክትሪክ መኪና በካቻቢቴ የሚጎረጎር ዕቃ አይደለም። ውስጡ የሚያልፈው ብዙ መቶ ቮልት ነው፤ ሳያውቁ የነኩት ሰው ይሞታል። ስለዚህ የድሮው ዓይነት ተለማማጅነት፣ «እየው፣ ንካው፣ ተማረው» የሚባለው፣ እዚህ ላይ አይሠራም። በትምህርት ቤት መሰልጠን አለበት። መሣሪያ ያስፈልገዋል። መጽሐፍ ያስፈልገዋል። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚከፍት የይለፍ ቃል ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ይዞ ያለው ደግሞ ሻጩ ነው። ሻጩ ያለው አዲስ አበባ ነው።

«የቤት መኪና ላይ ነው ክልከላው፤ ደባርቅና ዛሪማን ምን አገባቸው?» የሚል ይኖራል። አገባቸው። አዲስ አበባ ላይ ዛሬ የሚነዳው ነው ከአሥር ዓመት በኋላ ተሽጦ፣ ተሰባብሮ፣ ዳባት ገበያ የሚደርሰው። የአጎቴም መኪና ወደ ዛሪማ የመጣችው ሌላ ቦታ አርጅታ ነው። አገራችን ውስጥ መኪና አይሞትም፤ ወደ ገጠር ይወርዳል። ገጠር ሲደርስ የሚጠግነው ካላገኘ ግን ያኔ ይሞታል። አብሮትም የሚሞት ሰው ይኖራል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ መኪና አስመጥቶ የሚሸጥ ሁሉ የመመርመሪያ መሣሪያውንና የጥገና መጽሐፉን ለማንኛውም ፈቃድ ላለው ጋራዥ በተመጣጣኝ ዋጋ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት። መኪናውን የገዛው ሰው ቁልፉን ብቻ ሳይሆን የመክፈት መብቱንም ይግዛ። ሌላው ዓለም በዚህ ላይ ሕግ እያወጣ ነው፤ እኛ ደግሞ ገና ሲጀመር ማውጣት እንችላለን። ገበያው ሲጠነክር ግን የሚሰማን የለም።

ሁለተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን ይህን ትምህርት በዋና ከተማ ብቻ አይያዙት። ጎንደር ይሰጥ፣ ደባርቅ ይሰጥ። ደባርቅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ሁለት የሰለጠኑ ልጆችና አንድ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቢኖር ከስንት ስብሰባ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ለአምቡላንስና ለጤና ጣቢያ መኪና ሲገዛ ጨረታው ላይ ዋጋው ብቻ አይታይ። «ይህ መኪና በሚሠራበት ወረዳ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ሊጠገን ይችላል?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። መልስ የሌለው መኪና ወደዚያ ወረዳ አይሂድ።

አራተኛው ለመንግሥት ሳይሆን ለእኛ ነው። ቃላት እንፍጠር። ጋራዦቻችን ከጣሊያን ቃል ተውሰው የራሳቸውን ቋንቋ ሠሩ፤ በዚያም ቋንቋ መቶ ሺህ ተለማማጅ ተማረ ብል ማጋነን አይመስለኝም። ለኤሌክትሪኩ መኪና ዕቃዎች እስካሁን ስም የለንም። ስም የሌለውን ነገር ለልጅ ማስተማር አይቻልም። በየጋራዡ ያላችሁ ወጣቶች፣ የምትጠሩበትን ቃል ጻፉልን፤ ተውሳችሁም ቢሆን ጥሩት።

*

አጎቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። መኪናዋ ተሽጣለች፤ ሞተሯ ወፍጮ ያዞራል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አይቼ ግን አላረጋገጥኩም። ቢሆን አይደንቀኝም። ዝግ ብሎ ሳይታክት መግፋት የተሠራበት ነገር ነው።

የእናቴ መቀነት ግን እሷ ዘንድ አለ። ታጥቦም ታጥቦም ቤንዚኑ አልለቀቀውም፤ ጫፉ ላይ ቡናማ ቀለም ይዞ ቀርቷል። የእህቴ ልጅ ባለፈው ጊዜ ቤት ሲመጣ አሳየችው። አሽትቶት ሳቀ። «እኔ ሴንሰር ላይ መቀነት ብጠቀልል የሚሠራ ይመስላችኋል?» አለን።

አይሠራም። ለዚህ ነው ሌላ ነገር ማዘጋጀት ያለብን።

ወዳጆቼ፣ እናንተስ? መኪና፣ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር ወይም የሆስፒታል መሣሪያ ተበላሽቶ የሚከፍተው ሰው ጠፍቶ ያያችሁት ነገር ካለ ከታች ጻፉልን። ለሚመለከተው ሰው ይድረስ ዘንድም አጋሩት። ቸር እንሰንብት።